ግስ የሌለው መልእክት

ኒሊማ ቪያስ ሥራ ማሰለፍ ታውቅበታለች። ኢንዶር ከተማ ውስጥ፣ ከቪጃይ ናጋር አደባባይ አለፍ ብሎ በቆመ የመስታወት ሕንፃ ላይ ባለው ድርጅት ስለ እሷ የሚወራው ይኸው ነው። ሌላው ሶፍትዌር ይጽፋል፣ ሌላው ይፈትሻል፣ ሌላው ደንበኛ ያባብላል፤ እሷ ደግሞ የሁሉንም ሥራ በካርድ በካርድ ቆራርጣ ኮምፒውተር ላይ ባለው ሰሌዳ ትደረድራለች። ይህ ሳያልቅ ያ አይጀመርም፤ ያ ሳይጀመር እገሌ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ፕሮጀክቱ አንድ ወሳኝ ምዕራፍ ተሻገረ የሚባልባቸው ትልልቆቹ ካርዶች በአልማዝ ቅርጽ ይሳላሉ፤ እስኪያልቁ ግራጫ ናቸው፣ ሲያልቁ አረንጓዴ። ሠራተኛው ሁሉ ቀኑን የሚጀምረው አልማዞቹን አይቶ ነው። «የኒሊማ ሰሌዳ አይዋሽም» ይሉ ነበር። እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች እንጂ ደስታዋን መደበቅ አትችልበትም ነበር።

በዚያን ሰሞን የያዙት ሥራ የወተት ነበር። በከተማው ዙሪያ ያሉ መንደሮች ሴቶች ጠዋትና ማታ ወተታቸውን ወደ ማኅበራቸው መሰብሰቢያ ያመጣሉ፤ ጸሐፊው ይመዝናል፣ በእጁ ይጽፋል፣ አንዳንዴም ደስ እንዳለው ይጽፋል። አሁን ሚዛኑ ራሱ ክብደቱን ወደ ስልክ እንዲልክ ተወሰነና ሥራው ለነኒሊማ ድርጅት ተሰጠ። ሚዛኖቹን በየመንደሩ እየዞሩ የሚተክሉትና የሚፈትኑት ጋንፓት ሶላንኪ ናቸው። በዕድሜ ከሁሉም ይበልጣሉ፤ ጡረታቸው ተቃርቧል። የመሣሪያ ሣጥናቸውን ስኩተራቸው ላይ አስረው ይወጣሉ፣ አቧራ ለብሰው ይመለሳሉ። ጠዋት ጠዋት በጋዜጣ የተጠቀለለ ፖሃ የሚሉትን የሩዝ ቁርስ ጃሌቢ ከሚባለው ጣፋጭ ጋር ይዘው ይመጡና ከኒሊማ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ «ብዪ እንጂ ልጄ፣ ካርድ አይበላ!» ይሏታል። ሥራ የጀመረች ሰሞን ማንም ዞር ብሎ ሳያያት፣ በስኩተራቸው አፈናጠው መንደር ለመንደር ያዞሯት፣ ሠራተኛ ያደረጓት እሳቸው ናቸው።

በአክብሮት ሶላንኪጂ የሚባሉት እኚህ ሰው አንድ አመል አለባቸው። ሲያወሩ አያልቅላቸውም፤ ሲጽፉ ግን ግስ ይሰስታሉ። «ሽቦ። ዴዋስ።» ብለው መልእክት ይልካሉ። ሽቦው ዴዋስ ከሚባለው ከተማ ተገዛ? ዴዋስ ተረሳ? ወይስ አንድ ሰው ዴዋስ ሄዶ ያምጣው? እሱን እግዜር ይወቅ። የመሥሪያ ቤቱ ልጆች «ሶላንኪጂ ግስ በኪሎ ነው እንዴ የሚገዙት?» እያሉ ይስቁባቸዋል፣ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

እንግዲህ በእነዚህ ሰዎች ቋንቋ ትናንትም «ካል» ነው፣ ነገም «ካል» ነው። ለእኛ ጉድ ነው፤ እነሱን ግን ግር ብሏቸው አያውቅም። «ካል ሄድኩ» ያለ ትናንት ሄዷል፤ «ካል እሄዳለሁ» ያለ ነገ ይሄዳል። ሁሉንም ነገር ግሱ ይናገረዋል። ግሱን የሰሰተ ሰው ግን ሰሚውን መሀል መንገድ ላይ ትቶት ሄደ ማለት ነው።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ የድርጅቱ ባለቤት ኮታሪ ከኒሊማ ወንበር ኋላ መጥቶ ቆመ። ሥራው ሁለት ጊዜ ተላልፏል። ከሰዓት በኋላ የወተት ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሰሌዳውን ሊያይ ይመጣል፤ ኮታሪም «በዚህ ሳምንት እናስጀምራለን» ብሎ አፉን ሞልቶ ተናግሮ አድሯል።

«ይሄ አልማዝ ለምንድነው እስካሁን ግራጫ የሆነው?» አለ በጣቱ እየጠቆመ።

«የሚዛን ፈተናው አላለቀም ሰር። ሶላንኪጂ የቀሩት መንደሮች ሚዛን ሽቦ አልደረሰም ብለው ነበር።»

«ነበር፣ ነበር! ለሊቀ መንበሩ ነበርን ልጋብዘው? በይ ጠይቂያቸው።»

ኒሊማ በጥድፊያ «የሚዛን ፈተናው?» ብላ ላከች። እሷም ግስ አልጨመረችበትም። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «የሚዛን ፈተና። ካል።»

«ምን አሉ?» አለ ኮታሪ።

«ካል ነው የሚሉት።»

«በቃ! ትናንት ጨርሰዋላ። ደግሞ ምን ትጠብቂያለሽ? ከበሮ ይመታልሽ?»

ኒሊማ እጇን ስልኳ ላይ አሳረፈች። አንድ ጊዜ መደወል ይበቃ ነበር። ሶላንኪጂ ቢበዛ በሁለተኛው ጥሪ ያነሳሉ፤ «ሄሎ ልጄ» ይላሉ፤ ነገሩም ይለይለታል። አልደወለችም። ለምን እንዳልደወለች ሌላ ሰው ቢጠይቃት ብዙ ምክንያት ትደረድር ይሆናል፤ ራሷ ግን አሳምራ ታውቀዋለች። ብትደውል የሚሉትን ታውቅ ስለነበር ነው። ሽቦው ያልመጣለት ሰው ትናንት ምን ሊፈትን ይችላል? «ካል» ያሉት ነገን ነው። ይህን እያወቀች፣ ኮታሪ ከኋላዋ ሰዓቱን እያየ፣ ካርዷን በጣቷ ያዘችና ጎትታ «ያለቀ» ከሚለው ረድፍ ውስጥ ጣለቻት።

አልማዙ አረንጓዴ ሆነ። ሰንሰለቱን ያያያዘችው ራሷ ናትና ቀጥሎ የሚሆነውን ታውቃለች፤ ያች ካርድ ስታልቅ ሶፍትዌሩ ማንንም ሳይጠይቅ ለየመንደሩ ጸሐፊ ትእዛዝ ይልካል። የድሮው ሚዛንና መዝገብ ዛሬ ማታ ተሰብስቦ ይሂድ፤ ከነገ ጠዋት ጀምሮ በአዲሱ ሚዛን ይሠራ።

ከሰዓት በኋላ ሊቀ መንበሩ መጣ፣ አረንጓዴውን አየ፣ የቀረበለትንም ጣፋጭ በላ። እሱ እንደሄደ ሶላንኪጂ ራሳቸው ደወሉ። መንገድ ዳር ናቸው፤ የከባድ መኪና ጡሩንባ ይሰማል። የዕቃ ክፍሉ ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ ጠየቋት፣ ነገረቻቸው። ያን ጊዜ እንኳ መጠየቅ፣ ማስጠንቀቅ፣ ካርዷንም መልሳ ማውጣት ትችል ነበር። «እሺ፣ ይቅናዎት» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

በማግስቱ ማለዳ ኮታሪ ከዋናው መንገድ ብዙ በማይርቅ መንደር፣ ፎቶ አንሺ ጭምር ይዞ፣ ኒሊማንም አስከትሎ ደረሰ። አዲሱ ሚዛን ላይ ለምረቃው የማሪጎልድ ቢጫ አበባ ጉንጉን ተንጠልጥሎበታል። ሴቶቹ ጣሳቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። የመጀመሪያዋ ራምካንያ ባይ የምትባል፣ አፏ የማይተኛ ሴት ናት። ጣሳዋን ሚዛኑ ላይ አስቀመጠች፤ ሚዛኑ ዝም አለ። አንስታ መልሳ አስቀመጠች፤ አሁንም ዝም።

«ምን ይላል?» አለች ወደ ጸሐፊው ዞራ።

«ምንም አይልም።»

«እንደ ባሌ ነው በለኛ! እሱም በሠርጋችን ቀን አበባ ካንጠለጠሉለት ጀምሮ ዝም እንዳለ ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ኮታሪም ሳቀ። ሳቁ ግን አልቆየም። ሳህኑን ከቁጥር ማሳያው ጋር የሚያገናኘው ሽቦ በቦታው የለም። የድሮው ሚዛን ደግሞ ትናንት ማታ በትእዛዙ መሠረት ተጭኖ ሄዷል። የወተት መኪናው ሾፌር ያልተመዘነ አልጭንም አለ፤ ሌሎች መንደሮች ይጠብቁኛል ብሎም ሄደ። ኮታሪ ወዲያ ወዲህ እያለ ደወለ፣ ጮኸ፣ ለመነ። ሽቦ ካልደረሳቸው ሌሎች መንደሮችም ተመሳሳይ ወሬ መምጣት ጀመረ። የግንቦት ፀሐይ በዚያ አገር ማንንም አትጠብቅም። ግማሾቹ ሴቶች ወተታቸውን ይዘው ተመለሱ፤ ግማሾቹ አሁን ይስተካከላል ሲባሉ ቆመው ቀሩ፣ ወተታቸውም ተበላሸ። ራምካንያ ባይ ጣሳዋን አሸተተች፤ ከዚያም ቀጥ ብላ ወደ ኮታሪ ሄዳ ከጫማው አጠገብ ደፋችው።

«ማሽንህ ይጠጣው» አለችው። በዚህኛው ማንም አልሳቀም።

ኒሊማ ነጩ ነገር ወደ አፈሩ ሲሰርግ እያየች ቆመች። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ ብላ አሰበች፤ ጮክ ብላ ለመናገር ግን አፏ አልታዘዝ አላት። ይኼኔ ስኩተር መጣ። ሶላንኪጂ ከኋላቸው የሽቦ ካርቶን አስረው፣ ፊታቸውን በፎጣ ሸፍነው ደረሱ። አበባውን አዩና ደነገጡ።

«ይሄን ማነው ያስጀመረው? እኔ ዛሬ ልፈትን አይደል እንዴ የመጣሁት!»

ኮታሪ ዞሮ አያቸው። የሚወቀስ ሰው ሲፈልግ የቆየ ሰው ባገኘው ጊዜ የሚያሳየውን ፊት ኒሊማ ያን ጊዜ አየችው።

ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ሆነ። ሊቀ መንበሩ ዝምተኛ ሽማግሌ ነው፤ አይጮኽም፣ አለመጮኹ ራሱ ያስፈራል። ኮታሪ መልእክቱን ከኒሊማ ስልክ ላይ ጮክ ብሎ አነበበው።

«‹የሚዛን ፈተና። ካል።› ይሄን የጻፉት እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ ነኝ። ማለቴ ግን ነገ እሠራዋለሁ ነው።»

«‹እሠራዋለሁ› የሚለውን ታዲያ ምን በላው?»

ሶላንኪጂ አንገታቸውን ደፉ። «እሱስ ልክ ነው። አጉል ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

ሊቀ መንበሩ እጁን አነሳ። «አንድ ነገር አልገባኝም» አለ። «ሁለት ትርጉም ያለው መልእክት ሲመጣ ሰው ይጠይቃል። ልጅቷ ደውላ አላረጋገጠችም?»

ሁሉም ወደ ኒሊማ ዞሩ። ኮታሪ አፍጥጦ አያት። እውነቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ምላሷ ጫፍም ደርሶ ነበር። ከእውነቱ ኋላ ግን የሰሌዳዋ ስም፣ ሥራዋ፣ የኮታሪ ዓይን፣ የመንደሩ ሴቶች ሁሉ ተሰልፈው ታዩዋት።

«ደውዬላቸው ነበር» አለች። «‹አዎ፣ ተሠርቷል› ብለውኛል።»

ሶላንኪጂ ይጮኹብኛል ብላ ጠበቀች። እንዲጮኹባትም ተመኘች፤ ቢጮኹ ምናልባት እሷም አልቅሳ ትናዘዝ ነበር። እሳቸው ግን አልጮኹም። ግንባራቸውን ቋጥረው፣ መነጽሩን የት እንዳስቀመጠ እንደጠፋበት ሰው ዓይናቸውን አንድ ቦታ ተክለው ቆዩ።

«ትናንት ከሰዓት ተነጋግረን ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ስለ ቁልፍ… ስለ ቁልፍ መሰለኝ።» ደግሞ አየት አደረጓት፤ በዓይናቸው ውስጥ ቁጣ የሚባል ነገር የለም። «እሷ ካለች ግን ብያለሁ ማለት ነው። ኒሊማ ያላሉትን አሉ አትልም።»

በዚያው አለቀ። ኮታሪ ከመስክ ሥራ አነሳቸው፤ ብዙም ሳይቆይ እሳቸው ራሳቸው መልቀቂያቸውን ጻፉ። በዚያኛው ጽሑፍ ግስ አልጎደለም። የመሸኛ ሻይ ያዘጋጀላቸው ሰው የለም፤ ኒሊማ ያን ቀን ታምሜያለሁ ብላ ቀርታለች።

ኮታሪ ማኅበሩን አባበለ፤ ለሴቶቹ ካሳ ተከፈለ፣ ሥራው እንደገና ተጀመረ፣ ሚዛኖቹም መናገር ጀመሩ። ሊቀ መንበሩ ልቡ ራርቶ ሁለተኛ ውል ለመፈረም ተስማማ። ኒሊማን ግን ኑሮው አመድ አመድ አላት። ሰሌዳውን በከፈተች ቁጥር በሶላንኪጂ ስም የቀሩ ካርዶች ባለቤት አጥተው ቆመው ታገኛለች። ሶፍትዌሩ «ለማን ይሰጥ?» እያለ ይጠይቃታል፤ እሷም መልሳ ትዘጋዋለች። ለሁሉ ነገር መደወል አመጣች። «ጨርሻለሁ» ብሎ ለጻፈላት ትደውላለች፣ «አልጨረስኩም» ላለው ትደውላለች። ልጆቹ «ሽንት ቤት ስንገባም ሳትደውልልን አትቀርም» ብለው ያሽሟጥጡ ጀመር። ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ ምንም የሚበላ ነገር የለም። ነገ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ እያለች ሰነበተች።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሶፍትዌር የምትፈትሸው ፋርሂን ከፊቷ ተቀመጠችና፣ «ሶላንኪጂን አየኋቸው» አለቻት። «አውቶቡስ ላይ። ስኩተሩ የት ሄደ ብላቸው ለልጄ ሰጠሁት አሉኝ።»

«ለምን?»

«አብረዋቸው የነበሩት ሚስታቸው ናቸው ያጫወቱኝ። ታላቅ ወንድማቸው የገዛ ልጆቹን ሳያውቅ ነው አሉ የሞተው። አጀማመሩ እንደዚህ ነበር፤ ትናንት ያለውን ዛሬ አላልኩም ማለት። እሳቸውም ያ ነገር መጣብኝ ብለው ፈርተዋል። ‹መንገድ ላይ ጠፍቼ ሰው ከምገጭ› ብለው ነው ስኩተሩን የተዉት። ሐኪም ቤት ይመላለሳሉ።» ፋርሂን ሳህኗን ገፋ አደረገች። «ለሰው ሁሉ ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ? ‹መጀመሪያ የረሳሁት የኒሊማን የስልክ ጥሪ ነው› ይላሉ። አንጀት ይበላሉ።»

ኒሊማ ዳቦዋን አስቀመጠች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የሠራችው ጥፋት አንድ ሽማግሌን ከሥራ ማፈናቀል ይመስላት ነበር፤ እሱም አልቀለላትም ነበር። አሁን ግን የባሰውን አየችው። በስብሰባው ላይ የተወችላቸው በር ሁለት ብቻ ነበር፤ ወይ ውሸታም ነዎት፣ ወይ አእምሮዎ ከድቶዎታል። ውሸታም እንዳልሆኑ ያውቃሉ። ስለዚህ በሁለተኛው በር ገቡ። ልጅቷ ዋሽታ ይሆናል የሚለው ሦስተኛው በር በሐሳባቸው ውል አላለም።

እሑድ ጠዋት ማልሃርጋንጅ ሰፈር ወደሚገኘው ቤታቸው ሄደች። በሩን የከፈቱት ኒሊማ «ቻቺ»፣ አክስቴ፣ እያለች የምትጠራቸው ሚስታቸው ኩሱም ቻቺ ናቸው። ድሮ ኒሊማ ስትመጣ ገና ከደረጃው «ምን ቀጠነሽ!» እያሉ ይቀበሏት ነበር። ዛሬ ከእግር እስከ ራሷ አይዋት፣ መንገድ ለቀቁላትና በር ላይ ቆመው ቀሩ።

ሶላንኪጂ ግን ሲያይዋት ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ልጄ! ነይ፣ ነይ ግቢ! ኩሱም፣ ኒሊማ መጣች! አየሽ፣ ስሟን ጠራሁ» ብለው ሳቁ። ከስተዋል። ጠረጴዛው ላይ የሕፃናት የሥዕል ካርዶች ተዘርግተዋል፤ ገልብጦ ተመሳሳዩን ማግኘት የሚባለው ጨዋታ ነው። «የሐኪም ትእዛዝ ነው» አሉ ዓይኗ ወዴት እንዳረፈ አይተው። «አንቺም ካርድ ታሰልፊያለሽ፣ እኔም ካርድ አሰልፋለሁ። ያንቺ ደመወዝ አለው፣ የኔ ግን የለውም።»

ኒሊማ ለመሳቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም።

«እንኳን መጣሽ» አሉ ወንበራቸውን ወደ እሷ ሳብ አድርገው። «ሐኪሙ አንድ ነገር ጠይቃት ብሎኛል። ያን ቀን ስትደውዪልኝ ድምፄ እንዴት ነበር? ማለቴ፣ ይንተባተብ ነበር? የማወራው ነገር ግራ ያጋባ ነበር? በደንብ አስቢ። አጀማመሩን ካወቀ መድኃኒቱን ይለካልኛል።»

ኒሊማ በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው መግቢያ፣ ማለሳለሻው፣ ኮታሪ ከኋላዬ ቆሞ ነበር የሚለው ሁሉ ጠፋባት።

«አልደወልኩልዎትም» አለች።

«እንዴት?»

«አልደወልኩም። ዋሽቼ ነው። የተነጋገርነው ስለ ቁልፍ ብቻ ነው። ‹ካል› ሲሉም ነገ ማለትዎ እንደሆነ አውቄዋለሁ። እያወቅሁ ነው ካርዱን ያለቀ ያልኩት። ከዚያ ሲጠይቁኝ ፈራሁ።» እንባዋ መጣ፤ በእጇ ጠረገችው። «እርስዎ ምንም አልረሱም ሶላንኪጂ። ምንም።»

ሶላንኪጂ አፋቸውን ከፍተው አይዋት። ከዚያ ያልጠበቀችው ነገር ሆነ። ፊታቸው እንደ ሕፃን ፊት ፈካ።

«ኩሱም! ሰማሽ? ስለ ቁልፍ ብቻ ነው! ብዬ አልነበር? ‹ስለ ቁልፍ ነው› ብዬ ነበር እኮ!» ተነስተው እጃቸውን አጨበጨቡ። «አይ ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ! ሸክም አወረድሽልኝ! ደህና ነኝ ማለት ነው፤ ደህና ነኝ!»

ኒሊማ ስድቡን፣ ጥፊውን፣ ከቤቴ ውጪልኝን ተዘጋጅታበት ነበር የመጣችው። ለምርቃት ግን አልተዘጋጀችም። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር።

«እኔ ብያቸው ነበር» አሉ ኩሱም ቻቺ ከበሩ ሳይነቃነቁ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። «‹ልጅቷ ዋሽታ ቢሆንስ?› ብያቸው ነበር። ልጆች ወልደን፣ ድረን እስክንጨርስ ድረስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገውብኝ አያውቁም። ያን ቀን ጮኹብኝ። ‹በኒሊማ አፍሽን እንዳትከፍቺ› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ምን እንደሚያደርጉ ልንገርሽ? ስሜን እየጠሩ ነው የሚያድሩት። እንዳይጠፋኝ ብለው።»

«ተይ አሁን፣ ተይ!» አሉ ሶላንኪጂ፤ ስልካቸውን አውጥተው ቁጥሮቹን እየነኩ ነው። ለልጃቸው ደወሉ፦ «አባትህ ደህና ነው! ኒሊማ ናት የዋሸችው! አዎ፣ እዚሁ ተቀምጣለች!» ለእህታቸው ደወሉ፦ «ኒሊማ ዋሽታ ነው እንጂ ምንም የለብኝም!» ክፋት የሚባል የለባቸውም፤ የምሥራች ነው የሚናገሩት። ኒሊማ ውሸቷ በደስታ ድምፅ ከቤት ቤት ሲዞር ተቀምጣ ሰማች። ይገባኛል አለች በልቧ፣ ይህም አይበቃኝም።

ቀጥለው ኮታሪ ጋ ደወሉ፤ ሁሉም ይስማ ብለው ስልኩን በድምፅ ማጉያ ለቀቁት።

«ኮታሪ ሰር! ሶላንኪ ነኝ። ያ ነገር እኮ እኔ አላልኩም! ኒሊማ አልደወለችልኝም! አሁን ራሷ ነገረችኝ!»

ከወዲያ ማዶ ኮታሪ ለታመመ ሰው በሚወጣ ለስላሳ ድምፅ፣ «ሶላንኪጂ» አለ። «መድኃኒትዎን እየወሰዱ ነው? ይሄ ነገር ካለፈ ቆየ እኮ። ኒሊማ እንደደወለችልዎት እርስዎም በስብሰባው ላይ አምነዋል። ረሱት እንዴ? እረፍት ያድርጉ፣ አይጨነቁ።»

ሶላንኪጂ «አይ፣ አሁን… አሁን ነው እኮ የነገረችኝ» አሉ። ድምፃቸው ግን ወረደ። ቀና ብለው ኒሊማን አይዋት። ያ የስብሰባው ዕለት ፊት፣ የጠፋ ነገር የሚፈልገው ፊት፣ ተመልሶ መጣ።

«አሁን ነግረሽኛል፣ አይደል ልጄ?»

ኒሊማ እጇን ዘረጋችና ስልኩን ተቀበለቻቸው።

«ሰር፣ ኒሊማ ነኝ።»

«እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» የኮታሪ ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ ሌላ ሰው እንደሚሰማው አያውቅም። «ስሚ፣ ሽማግሌውን አረጋግተሽ ቶሎ ውጪ። ‹እሺ፣ እሺ› እያልሽ እለፊያቸው። ሁለተኛውን ውል ነገ እንፈርማለን፤ ኃላፊዋ ኒሊማ ናት ብዬ ስምሽን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሊቀ መንበሩ ይሄን ወሬ ከሰማ አንቺም የለሽ፣ ውሉም የለም። ገባሽ?»

«ገብቶኛል ሰር» አለች። ሶላንኪጂ ከንፈሯን ከንፈሯን ያያሉ። «እኔ አልደወልኩላቸውም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ሶላንኪጂ ምንም አልረሱም። ለሊቀ መንበሩም ነገ እነግረዋለሁ።»

«ምን? ምን አልሽ?» አለ ኮታሪ።

«ድገሚለት» አሉ ኩሱም ቻቺ ከበሩ።

ኒሊማ ደገመችለት።